መንገደኛና ዋሱ፤ ስለ ግሽ አባይ ጉዞ በተጻፉ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

የራሱ መጓጓዣ የሌለው ሰው በመንገድ ዳር ቆሞ የማያውቀውን ባለመኪና እጁን ዘርግቶ የሚለምንበት፣ ባለመኪናውም ያለ ኪራይ አሳፍሮ የሚወስድበት ልማድ በብዙ አገር የታወቀ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን «ሊፍት» እየተባለ ይጠራል። ስለዚህ ልማድ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚመለከቱት በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ እንደሚደረግ የመተማመን ስምምነት አድርገው ነው፤ አንዱ ይለምናል፣ ሌላው ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ስለማይተዋወቁ ሁለቱም አደጋን ይቀበላሉ። ይህ አስተያየት ከጣና ዳርቻ ወደ ግሽ አባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲፈተን ዋናውን ነገር ይስታል። በዚያ መንገድ ላይ አንድ እንግዳ በሌላው ሰው በቅሎ፣ ታንኳ ወይም መኪና ሲጓዝ ጉዳዩ በሁለቱ ብቻ ተወስኖ አያውቅም። በመካከላቸው ሦስተኛ ወገን ነበረ፤ እርሱም ዋስ ነው።

ዋሱ ሁልጊዜ ሰው አይደለም። አንዳንድ ጊዜ መኰንን፣ አንዳንድ ጊዜ የነጋዴ አለቃ፣ አንዳንድ ጊዜ ጻድቅ ወይም ታቦት፣ አንዳንድ ጊዜም የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድነት ነው። ነገር ግን ዋስ በሌለበት መንገድ መለመንም ሆነ መፍቀድ ዕብደት ተብሎ ይቆጠር ነበር። ስለ ግሽ አባይ የተጻፉት የታወቁ መጻሕፍት ይህን ነገር በየገጻቸው እያሳዩ ራሳቸው ግን አላስተዋሉትም። አንባቢዎቻቸውም እስካሁን ድረስ ሲከራከሩ የኖሩት ምንጩን ማን ቀድሞ አየ በሚለው ላይ እንጂ ማን አሳለፈው በሚለው ላይ አይደለም።

አስቀድሞ ቋንቋውን መመልከት ይጠቅማል። አማርኛ ለዚህ ልማድ አንድ ብቸኛ ስም የለውም፤ ያሉት ቃላት ግን ብዙ ይናገራሉ። «እግረ መንገዴን» የሚለው አነጋገር ውለታውን ያቀላል፤ ወሳጁ ስለ አንተ ብዬ አልደከምሁም፣ የምሄድበት ነው ማለቱ ነውና፣ ተሳፋሪው የዕዳ ሸክም እንዳይሰማው ያደርጋል። «ጋቢና» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን የክብር ቦታ ያመለክታል፤ ለካህን፣ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር ይለቀቃል። «ትርፍ» የሚባለው ደግሞ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ የተጫነ ሰው ነው፤ ወደ ኬላ ሲቃረቡ ጎንበስ በል ይባላል፣ ወይም ወርዶ ኬላውን በእግሩ እንዲያልፍ ይደረግና ከወዲያ ማዶ እንደገና ይሳፈራል። ስለዚህ ከውለታው ቃላት አጠገብ የሕግን ዓይን የመሸሽ ቃልም አለ። የዘመናችን አደጋ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሰን እናየዋለን።

ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ግሽ አባይ ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥ የታወቀ ነው። ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ ግሽ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ነበር። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል ከጥቂት ወራት በፊት የሜጫን ሰዎች ቤት አቃጥሎ ስለነበር፣ ከራስ ሚካኤል ወገን የሚቆጠር እንግዳ በዚያ በኩል በሰላም ማለፍ የሚችል አይመስልም ነበር። ብሩስ የንጉሡ ወዳጅነት ነበረው፤ እንዲያውም ንጉሡ የግሽን መንደር ጉልት አድርጎ ሰጥቶት እንደነበር ይተርካል። ይሁን እንጂ የጎንደር ንጉሥ ቃል በዚያ አገር አያሳልፍም። ማሳለፍ የሚችለው የአካባቢው ኃያል መኰንን ፋሲል ነበር።

ፋሲል እንግዳውን በመጀመሪያ በንቀትና በማስፈራራት ተቀበለው፤ በኋላ ግን አለቆችን ሰብስቦ እንዳይነኩት በፊቱ ቃል አስገባቸው። ከዚያም ራሱ የሚቀመጥበትን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠውና፣ እንዳይቀመጥበት ነገር ግን ባዶውን ከፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ አዘዘው፤ የሜጫ ሰው ፈረሱን ሲያይ አይነካህም አለው። እንደተባለውም ሆነ።

ይህ ታሪክ በሙሉ መጽሐፉ ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ ለባህል ተመራማሪ የሚበልጥ ፍሬ ያለው ነው። መንገደኛው የሚያልፈው በራሱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነው፤ የሚያሳልፈው ግን ማንም ያልተቀመጠበት ፈረስ ነው። ባዶው ኮርቻ ባዶ አይደለም፤ ዋሱ ተቀምጦበታል። ፈረሱን ያየ ገበሬ እንግዳውን አላመነውም፣ ማመንም አላስፈለገውም፤ ያመነው ወይም የፈራው ፋሲልን ነው። በዚህ ዓይነት በሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሌለውን መተማመን ሁለቱም የሚያውቁት ሦስተኛ ሰው አበደራቸው ማለት ነው።

ብሩስ ግን ይህን ካሰፈረ በኋላ ወዲያው ወደ ራሱ ጀግንነት ይመለሳል። ከምንጩ አጠገብ ሲደርስ ባለ ታሪኩ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አሳላፊዎቹ ከገጹ ይጠፋሉ። ፋሲል የመደበለት መንገድ መሪ ወልዶ የታመመ መስሎ ጉዞውን ባቆመና ቀይ መቀነቱን እስኪሰጠው ድረስ ምንጩን አላሳይም ባለ ጊዜ፣ ብሩስ ነገሩን የአንድ ተንኰለኛ አገልጋይ ስግብግብነት አድርጎ ጽፎታል። አንባቢዎቹም እንዲሁ ተቀብለውታል። ነገር ግን በሌላ በኩል ቢታይ ወልዶ የጠየቀው ነገር ሥርዓት የሌለው አልነበረም። የጌታውን ዋስትና ከቦታ ወደ ቦታ ተሸክሞ የሚሄደው እርሱ ነው፤ እንግዳው ላይ አንዳች ነገር ቢደርስ በጌታው ፊት የሚጠየቀውም እርሱ ነው። ለእንዲህ ያለ አደራ እጅ መንሻ መጠበቅ በዘመኑ ልማድ ነበር። ብሩስ የዋስትናውን ጥቅም ሲቀበል ዋጋውን እንደ ስርቆት ቆጠረው።

ከብሩስ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን ምንጩን ያየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከአፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር በሄደ ጊዜ ነው፤ የእርሱ ዋስ የንጉሠ ነገሥቱ ሠፈር ራሱ ነበር። ብሩስ የፓኤዝን መቅደም ለመካድ ብዙ ገጽ አጥፍቷል። ይህ ክርክር ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ መስሎ ታይቶ ይሆናል፤ ምንጩን ከልጅነታቸው ጀምረው ሲያከብሩ ለኖሩት የግሽ አገዎች ግን ትርጕም አልነበረውም። በጣና ዙሪያና በአባይ ወንዝ ላይ ብዙ የደከመው፣ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ከሁለቱ ይልቅ ትሑትና ጥንቁቅ ነው። ሆኖም በእርሱም መጽሐፍ ውስጥ የውሃና የመሬት ልክ ሲበዛ መንገድ የከፈቱለት ሰዎች ጥቂት ቦታ ይዘው ይቀራሉ።

መጻሕፍቱ የተዉትን የሕዝቡ ልማድ ይሞላዋል። በዱሮው ዘመን ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ በጎጃም ሲያልፍ ሲራራ ነጋዴ እስኪያገኝ ይጠብቅ ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በጎጃም በኩል እስከ በሶ ገበያና ከአባይ ማዶ የሚወርደው የነጋዴ ጉዞ ነጋዴውን ብቻ አልያዘም፤ ተሳላሚው፣ ተማሪው፣ ዘመዱን ፍለጋ የወጣው፣ ሁሉም ከኋላው ይጠጋል። ይህ መጠጋት በኪራይ አይደለም፤ ጭነት ሲፈታና ሲጫን መርዳት፣ ሌሊት እሳት መጠበቅ፣ በጨዋታ ድካምን ማስረሳት ዋጋው ነበር። በነጋድራሱ ስም የሚጓዝ ሰው ቢነካ ነጋድራሱ ይጠይቃል። በአንድ ቀበሌ ምድር ላይ መንገደኛ ቢዘረፍ ደግሞ የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ሌባውን እስኪያወጣ ድረስ እንዲቀመጥ ይገደድ ነበር። በዚህ ሥርዓት ምድሩ ራሱ ለመንገደኛው ዋስ ሆነ ማለት ይቻላል።

የቤት እንግድነትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የመሸበት ሰው በማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸብን እንግዶች ነን፣ አሳድሩን» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለጆሮ የትሕትና ቃል ይመስላል፤ በምሥጢሩ ግን ሕጋዊ ነው። ቤቱ የሌላ ነው፤ እንግዳው የእኔ እንግዳ ሳይሆን የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ብበድለውም ቢበድለኝም ጉዳዩ በእርሱ ፊት ነው ማለት ነው። የቆሎ ተማሪውም በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ስሙን አይናገርም፣ አገሩንም አይጠቅስም፤ የሚያቀርበው የዋሱን ስም ብቻ ነው። ሰጪውም የሚሰጠው ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለስሙ ነው።

በጣና ላይ ይህ ነገር በደንገል ታንኳ ይታያል። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ የሚከብድ፣ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ ያለበት፣ ዕድሜውም አጭር የሆነ ዕቃ ነው። ስለዚህ በታንኳው ላይ አንድ ሰው መጨመር የቀዛፊውን ሕይወት መክፈል ነው፤ ማሳፈር በምድር ላይ እንዳለው ቀላል ቸርነት አይደለም። ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ደግሞ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ በመብልና በጋብቻ ተለይተው የኖሩ ናቸው። በእጃቸው ሥራ ላይ ሕይወቱን አምኖ ባሕር የሚሻገር ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ ሳይቀርብ ቆይቷል። የጉዞ መተማመን ሁሉ ወደ ማኅበራዊ እኩልነት አያደርስም፤ ይህን ነገር የባህል ተመራማሪ ሊዘነጋው አይገባም።

ወደ ግሽ አባይ የሚወጣው ተሳላሚ ዋሱ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ አቡነ ዘርአ ብሩክ ይላል። በአገሩ አፈ ታሪክ ጻድቁ መጻሕፍቱን ለምንጩ አደራ ሰጥቶ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመለስ ውሃ ሳይነካቸው ደርቀው አገኛቸው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንደ ተአምር ብቻ ነው። ከመንገድ ጋር ሲያያዝ ግን ሌላ ፍቺ አለው፤ የሚያረጥበው ውሃ ራሱ አደራ ጠባቂ ሆነ። ሊያጠፋ የሚችል ኃይል አደራ ሲቀበል ይጠብቃል የሚለው ትምህርት፣ በፋሲል ፈረስ ላይ ከታየው ነገር ጋር አንድ ነው። ጠበል ፈልጎ የሚመጣው ሕመምተኛ ከአውራ ጎዳናው ጥሊሊ ላይ ሲገነጠል በጭነት መኪና ላይ እንዲያሳፍሩት የሚለምነው በዚህ ጻድቅ ስም ነው፤ ሾፌሩም ሕመምተኛን ትቶ ማለፍ የሚከብደው ስለዚህ ነው።

መኪና በገባ ጊዜ ልማዱ አልጠፋም፤ ወደ መኪናው ተዛወረ። በጣልያን ወረራ ጊዜ የመጣው ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጭነት መኪና፣ ከዚያም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በተስፋፉት መንገዶች ላይ የተመላለሱት መኪናዎች የሲራራውን ቦታ ወሰዱ። በጭነት ላይ ወይም በጋቢና የተሳፈረ ሰው ሾፌሩን እንቅልፍ እንዳይወስደው ያጫውታል፤ ጎማ ሲፈነዳ ይወርዳል፣ ይገፋል፤ ሲለያዩ «የሻይ» ብሎ ጥቂት ገንዘብ ቢሰጥ ኪራይ አይባልም። ረዳቱ በሲራራው ዘመን የነጋዴው አሽከር የሠራውን ይሠራል። ሆኖም አንድ ነገር ጎደለ፤ ነጋድራሱ። መኪናው ፈጥኖ ሲያልፍ የሚያልፍበት ምድር ሰዎች አያውቁትም፣ እርሱም አያውቃቸውም። አፈርሳታ የሚሰበሰበው ለተቀመጠ ሰው ነው፤ በሰዓት ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ መኪና አይሆንም።

መንግሥት ይህን ቦታ ለመሙላት አልሞከረም ማለት አይቻልም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ለተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ እንዲሆን አድርጓል። «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ መምጣቱ አስገራሚ ነው፤ በሕጉ አነጋገር ሦስተኛ ወገን የሚባለው ተጎጂው ነው፤ በዱሮው ልማድ ግን ሦስተኛው ጠባቂው ነበር። መድን ከጉዳት በኋላ ይከፍላል፤ ዋስ ከጉዳት በፊት ይከለክላል። ሕዝቡም ልዩነቱን ስለሚያውቅ በፍጥነታቸውና ባደረሱት ሞት የታወቁትን አንዳንድ የአይሱዙ ጭነት መኪናዎች «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ለመኪና እንዲህ ያለ ስም የሚሰጥ መንገደኛ ዋስ እንደሌለው የተረዳ መንገደኛ ነው።

በውጭ አገር የተደረገውም ይህንኑ ያጠናክራል። በአሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመንገድ ዳር የቆመ ወታደር በቀላሉ ይሳፈር ነበር፤ ዋሱ ልብሱ ነበረና። ጦርነቱ ካለፈና ልብሱ ከወለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ያው የመንገድ ዳር ሰው ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ይችላል እያለ ባለመኪናዎችን የሚያስጠነቅቅ ሥዕል አሰራጨ። በፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1958 ለመንገደኞች የኩፖን ደብተር አወጣ፤ አሳፋሪው ኩፖኑን ተቀብሎ በዕጣ ይሸለም ነበር። በኩባም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነዳጅ እጥረት ጊዜ ቢጫ ልብስ የለበሱ ሹማምንት በየመገናኛው ቆመው የመንግሥትን መኪና እያስቆሙ ሰው ያሳፍሩ ነበር። ልማዱ የለመለመው ደንብ ልብስ፣ ደብተር ወይም ቢጫ ልብስ በሁለቱ እንግዶች መካከል በቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሁለት ሰዎች መተማመን የሚባለው አስተያየት ለፈረንጅ አገር እንኳ አይበቃም።

ዋስ ማጣት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በሴት ላይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ጠፍታ ረጅሙን መንገድ ስትጀምር የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ሐያሲያን ይህን ልብስ ብዙ ጊዜ የማምለጫ ዘዴ ብቻ አድርገው ያልፉታል፤ ልብሱ ግን ከመደበቅ በላይ ይሠራል። ባላባት አባቷ ዋስ ሊሆናት ስላልቻለ፣ ይልቁንም የሸሸችው ከእርሱ ስለሆነ፣ ሌላ ዋስ ለበሰች። ደራሲው የጎጃምን መንገድ ስለሚያውቁ ባለ ታሪካቸውን ያለ ዋስ አላስኬዷትም። ዛሬም በመንገድ ዳር ቆማ መኪና የምትለምን ሴት በመጀመሪያ የምትመለከተው በጋቢናው ውስጥ ሌላ ሴት ወይም ሽማግሌ እንዳለ ነው፤ የምትፈልገው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ሦስተኛውን ሰው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መቅረቡ አይቀርም፤ የዱሮው ዋስትና ፍርሃት እንጂ ፍቅር አልነበረም ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለበት። የፋሲል ፈረስ ያለፈው የፋሲል ጦር ስለሚፈራ ነው። የመኰንን እንግዳ ሲያልፍ ድርጎው በገበሬው ላይ ይወድቅ ነበር፤ እንግዳው በሰላም ሲያድር የገበሬው ዶሮና እንጀራ ይሄድ ነበር። አፈርሳታም ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያንገላታ ነበር። ስለዚህ የጥንቱን ሥርዓት እንዳለ መመለስ የሚመኝ ሰው ሸክሙን ማን ይሸከመው እንደነበር አልጠየቀም። ነገር ግን ሸክሙ ከባድ መሆኑ ሥራው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ዋስትናው ሲፈርስ ሸክሙ ከገበሬው ወርዶ በመንገደኛው ላይ ወደቀ እንጂ አልጠፋም።

ይህም በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዶች ብዙ ጊዜ ተዘግተዋል። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይጓዙ የነበሩ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ከአባይ ማዶ በገብረ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች መታገታቸው ተዘግቧል። እነዚህ መንገደኞች ማንንም አልለመኑም፤ ትኬት ቆርጠው፣ ገንዘብ ከፍለው ነበር። እንግዲህ አደጋው የሚመጣው ያለ ክፍያ ከመሳፈር ነው የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል። የከፈለውንም ያልከፈለውንም አንድ የሚያደርጋቸው በሚያልፉበት ምድር ላይ ስለ እነርሱ የሚጠየቅ አለመኖሩ ነው። የቀድሞው ተማሪ የእመቤታችንን ስም ጠርቶ ባለፈበት መንገድ የዛሬው ተማሪ በትኬት አላለፈም።

ስለዚህ የግሽ አባይን መጻሕፍት እንደገና የሚያነብ ተማሪ ጥያቄውን መለወጥ ይገባዋል። ምንጩን ማን ቀድሞ አየ የሚለው ክርክር ፍሬውን ጨርሷል። ማን አሳለፈው፣ በማን ስም አለፈ፣ ዋጋውንስ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተነካም። ለዚህም የሚሆነው ማስረጃ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በጥሊሊ መገንጠያ ቆመው መኪና በሚጠብቁት ተሳላሚዎች፣ በጋቢና በሚጫወቱት ሾፌሮችና ረዳቶች፣ በሲራራ ዘመን አባቶቻቸው ስለነገሯቸው በሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አፍ ይገኛል። ብሩስ ከፊቱ ሲነዳ ያየውን ባዶ ኮርቻ ስጦታ ብሎ መዝግቦታል፤ በአጠገቡ ያለፉት የሜጫ ገበሬዎች ግን የማን ፈረስ እንደሆነ አውቀው መንገድ ለቀቁ።